ሽምግልና በሥራ ላይ ነው

በ2081 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ለራሱ ጭኖ ለራሱ የሚያወርድ ሰው አልነበረም። ክልክል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ነውርም ነው። ሞጁል፣ ማለት ሰው ላይ እንደ ዕቃ የሚጫን ችሎታ፣ የሚጭነውም የሚያወርደውም የሰፈሩ የጫኝና አውራጅ ማኅበር ነው። እነዚህ ማኅበራት በድሮ ጊዜ፣ ሰው ቤት ሲቀይር፣ ቁም ሳጥንና ፍሪጅ ከመኪና ላይ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው ይባላል። ዕቃው ቀለለ እንጂ አሠራራቸው ብዙም አልተለወጠም። ዛሬም ኮንቴይነር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዛሬም ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ዛሬም ሳይጠሯቸው ይመጣሉ።

ድንበሩ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። የሚሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ሥራው ከማሽኑ የሚወጣውን ብርድ ልብስ በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ይሄ ይለፍ፣ ይሄ ይመለስ ማለት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮንቴይነሩ ፊት ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ጫኙ ይታገሱ መሣሪያውን ወደ ከርነሉ፣ ማለት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከጆሮው ጀርባ ወደተቀመጠችው ምስር የምታህል ነገር፣ ያስጠጋና «ዳሰሳ» የሚባለውን ሞጁል ይጭንለታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መዳፉ የድንበሩ አይደለም። የአውቶቡሱ መያዣ ብረት ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ትቆጠርለታለች። ማታ ይወርድለታል። ሳይወርድለት የገባ ዕለት የትራሱ ጨርቅ እንቅልፍ ሲነሣው ያድራል።

ሌላውም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ከፊቱ የምትሰለፈው አስተማሪ «ትዕግሥት» ይጫንላታል። አርብ ማታ ሳይወርድላት የቀረ እንደሆነ ባሏ ቅዳሜንና እሁድን በሰላም ይውላል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ ሳይወርድለት ተኝቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚስቱ የፌርማታ ስም ሲጠራላት እንዳደረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሰው ጫማውን ተሳስቶ እንደሚወጣው ያለ ነገር ነው።

ድንበሩ ሊያገባ የሚፈልጋት ልጅ ትርንጎ ትባላለች። የከተማው ጉም መከታተያ ሠራተኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ለአውቶቡሶችና ለፋብሪካዎች ታሳውቃለች። ድንበሩ መጀመሪያ የደወለላት ፋብሪካው እንድትጠየቅ አዝዞት ነው። ከዚያ ፋብሪካው ሳያዘውም ደወለ። ከዚያ ጉም በሌለበት ወር ደወለ። አንድ የጠራ የጥር ጠዋት ላይ ትርንጎ፣ ጉሙ ዛሬ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው ብላ ሳቀችበት። በዚህ ዓይነት ተዋወቁ።

ልጅቷ ብትወድም ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ይህ አልተለወጠም። ሽማግሌ ማግኘትም ከባድ አልነበረም፤ ሽበት ያለው ሰው በየቤቱ አለ። የጠፋው ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ሽማግሌ በወጣትነቱ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ሲያይ ቆይቶ፣ ቀና ሲል ራሱን አርጅቶ ያገኘ ትውልድ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ «ሽምግልና» የሚባል ሞጁል ይጭናል። ውስጡ ሁሉም አለ፤ የጉሮሮ አጠራረግ፣ የከዘራ አያያዝ፣ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ጠይቆ ወደ ጉዳዩ ቀስ ብሎ መዞር፣ ሲጋብዙ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እሺ ማለት።

አንድ ችግር ግን ነበር። የትርንጎ አባት አቶ ባሮክ፣ ጡረታ የወጡ የሊፍት ጠጋኝ፣ እምቢ ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው። ድንበሩ ሽማግሌ ልላክ ብሎ ቀን ሲያስጠይቅ እሁድ ሦስት ሰዓት አሉ። በሳምንቱ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ለልጁ እንዲሁ ሲያስጠይቅ፣ እሱንም እሁድ አሉ፤ ስድስት ሰዓት። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው። አንዴ በሽማግሌ የተጠየቀች ልጅ፣ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሌላ አይጠይቃትም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ማን ቀድሞ ገብቶ አፉን ይከፍታል በሚለው ላይ ነበር። የሦስት ሰዓቱ ቀጠሮ የድንበሩ መሆኑ ለእሱም ለትርንጎም እፎይታ ነበር።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ኮንቴይነሩ ፊት አግዳሚው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጋሽ ማክቤል፣ የድንበሩ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነፋስ ተርባይን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ከሰው ይልቅ ከነፋስ ጋር የለመዱ። ሁለተኛው ጋሽ ናሆም፣ ጎረቤት ናቸው። ድንበሩ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲባል፣ አጎቱ ተርባይን ላይ ስለሆኑ፣ በአባት ቦታ ይቆሙለት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አሜን ናቸው። ሦስቱም ጫማቸውን ያያሉ።

ይታገሱ መሣሪያውን አዘጋጀና ወደ ድንበሩ ዞረ።

«ሽምግልና ሲጫን የክብር ተራ ይጠይቃል። አንደኛ ማን ይሁን?»

ድንበሩ አግዳሚውን አየ። ሦስቱ ሰዎች ጫማቸውን ማየታቸውን ትተው ሰማይ ማየት ጀምረዋል። ሰው የማይሰማ ሲመስል እንዴት እንደሚሆን የታወቀ ነው። አጎቱን አንደኛ ቢል ጋሽ ናሆም ያን ሁሉ ጊዜ በአባት ቦታ የቆሙት ለምን ነበር? ጋሽ ናሆምን ቢል አጎቱ። ሁለቱን ካስቀደመ ደግሞ የእድሩ ሊቀ መንበር ሦስተኛ ሊሆኑ ነው፤ ሊቀ መንበር ሦስተኛ ሆኖ አያውቅም።

«እኩል አድርጋቸው» አለ።

«እኩል አይመከርም።»

«ይታገሱ፣ በእናትህ። እየሰሙ ነው።»

ይታገሱ ትከሻውን ሰበቀ። ለሦስቱም አንድ ቁጥር ሰጠና ጫነላቸው። ወዲያው የሦስቱም ወገብ ቀና አለ። ጋሽ ማክቤል፣ ሰው ፊት ሲናገሩ የሚንተባተቡት ሰውዬ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረግ አድርገው የዘንድሮ ገብስ እንዴት እንደሆነ ይታገሱን ጠየቁት። ይታገሱ ገብስ አይቶ አያውቅም። ደህና ነው አለ።

ሽማግሌዎቹ በአውቶቡስ ሄዱ። ድንበሩ እንደ ወጉ ቤቱ ቀረ። ሽማግሌ የላከ ሰው የልጅቷ ሰፈር አይታይም። አልጋው ላይ ተቀምጦ ጉሙ ከመስኮቱ ሲነሣ፣ ተመልሶ ሲወርድ ያያል።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትርንጎ ደወለች።

«ሽማግሌዎችህ መጥተዋል» አለችው።

«እሺ፣ ምን ተባለ?»

«ምንም አልተባለም። በር ላይ ናቸው።»

«አሁን ነው የደረሱት?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው የደረሱት። እርስዎ ይቅደሙ እየተባባሉ ነው።»

እንደ ነገረችው ከሆነ ነገሩ መልካም አጀማመር ነበረው። በሩ ሲንኳኳ አባቷ ወጡ፣ ግቡ አሉ። ጋሽ ማክቤል ጋሽ ናሆምን ይቅደሙ አሏቸው። ጋሽ ናሆም ጋሽ አሜንን። ጋሽ አሜን ባለቤቱ ሳይቀድም እንግዳ አይቀድምም ብለው አባቷን። አባቷ ደግሞ ጋሽ ማክቤልን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ሳይሰለቹ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። አባቷን በመስኮት ጠርታቸው ነበር፤ አንዴ ልጄ፣ እንግዶቹ ይግቡ አሏት። የወጡት በሹራብ ብቻ ነው። ከንፈራቸው መልኩን መቀየር ጀምሯል።

«በስድስት ሰዓት እነዚያ ይመጣሉ» አለች ትርንጎ። «አንድ ነገር አድርግ።»

ድንበሩ ይታገሱን ኮንቴይነሩ ውስጥ ዳቦ በሻይ ሲበላ አገኘው። ሲነግረው ይታገሱ ዳቦውን አስቀመጠ። እኩል አይመከርም ብዬህ ነበር አላለም። እንዲህ ያለውን ነገር ባለመናገር የሚያሳምም ዓይነት ሰው ነው። መሣሪያውን አነሣና ተከተለው።

የእነ ትርንጎ ሰፈር መግቢያ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት በክንዷ ከለከለቻቸው። አስካለ ትባላለች፤ የዚያ ሰፈር ማኅበር ሰብሳቢ ናት። የይታገሱን መሣሪያ አየችና የት ሊሄድ እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ የጫንኩትን ላወርድ ነው አላት። እዚህ ሰፈር የቆመን ነገር የምናወርደው እኛ ነን አለችው። ይታገሱ ደንበኞቹ የእሱ እንደሆኑ፣ ሞጁሉም የእሱ እንደሆነ፣ ሰዎቹ እዚህ ሰፈር የመጡት ለጥቂት ሰዓት እንደሆነ አስረዳ። አስካለ አስፋልቱን በእግሯ መታ መታ አድርጋ፣ ይሄ የማን ነው አለችው። የእናንተ አላት። እንግዲያው ጨርሰናል አለች። ይታገሱ የቀረውን ክርክር ዋጠና መሣሪያውን አጥፎ ከኋላዋ ተሰለፈ።

የእነ ትርንጎ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ድንበሩ እንዳይታይ ከውኃው ሮቶ ጀርባ ቆመ። አራቱ ሰዎች ደረጃው ላይ ናቸው። ጢማቸው ላይ ጉም ጠል ሆኖ ተንጠልጥሏል። የሚናገሩት እንኳ አሁን ባጭሩ ሆኗል። ይቅደሙ። ኧረ እርስዎ። ኧረ በእመብርሃን። አንዱም አልተቆጣም። ሞጁሉ ቁጣ ለእኩያ አይፈቅድም።

አስካለ መሣሪያዋን ይዛ ተራ በተራ ከጆሮአቸው ጀርባ አስጠጋች። ሰዎቹ እሷንም ይቅደሙ አሏት፤ ሥራ ላይ ነኝ ብላ አለፈቻቸው። ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። በአራቱም ላይ የወጣው ጽሑፍ አንድ ነው፤ ሽምግልና በሥራ ላይ ነው፣ ሊወርድ አይችልም።

«ማክቤል የሚባሉት እንዲወርድላቸው ናሆም መልቀቅ አለባቸው» ብላ ለድንበሩ በጣቷ አየር ላይ ክብ እየሠራች ነገረችው። «ናሆም እንዲለቁ አሜን። አሜን እንዲለቁ አባትየው። አባትየው የያዟቸው ደግሞ ማክቤል ናቸው። አንድ ሰው ገብቶ ካልተቀመጠ አንዱም አይለቅም። ሦስት ሰው እኩል አድርጎ የሚጭን ምን ዓይነት ጫኝ ነው?»

ይታገሱ ድንበሩን አየ። ድንበሩ ሮቶውን አየ። ይታገሱ ግን አባትየውን ማን እንደጫናቸው ጠየቀ። አስካለ እኔ አለች። ተራቸው ስንት ነው አላት። አስካለ መልስ ከመስጠቷ በፊት መሣሪያዋን አንዴ ያዘች፣ አንዴ ለቀቀች። አቶ ባሮክ ጠዋት ኮንቴይነሯ መጥተው፣ ልጄ፣ ከእንግዶቼ በላይ እንዳታደርጊኝ ብለው ለምነዋት፣ እሷም ደግ ሰው ናቸው ብላ ከእንግዶቻቸው እኩል አድርጋቸዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጫኝ ጥፋት የተነሣ ነገር የለም።

በግድ ማውረድ አይቻልም ወይ አለ ድንበሩ። ይቻላል አለች። ባለፈው ዓመት የታችኛው ሰፈር ላይ ለአንድ ሰውዬ በግድ ወርዶለታል። ሰውዬው ዛሬም ጤነኛ ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ነገር ግን ሰላምታ ከጀመረ አይጨርስም። እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው እያለ ይቀጥላል። ሚስቱ ጆሮ ግንዱን ሳም አድርጋ ታቆመዋለች። ድንበሩ አጎቱን አየ። ይቅር አለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌሎቹ ሦስት ሽማግሌዎች ከአውቶቡስ ወረዱ። እነሱ በሥርዓት የተጫኑ ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በቁጥራቸው መሠረት ተሰልፈው፣ አንደኛው፣ ባርኔጣ ያደረጉት፣ ከፊት ሆነው መጡ። ግን በር ላይ የቆመ ሽማግሌ አልፎ የሚገባ ሽማግሌ በየትኛውም ሞጁል ውስጥ የለም። እነሱም ቆሙ። ደረጃው ላይ ሰባት ሰው ሆነ። ይቅደሙ የሚለው ቃል አሁን ረዘም ያለ ጉዞ ነበረው።

«አሁን ነው የባሰው» አለች አስካለ። ቋጠሮው በሆነ መንገድ ቢፈታ እንኳ፣ ከሰባቱ መካከል አንደኛነቱ የታወቀ ሰው ባለ ባርኔጣው ብቻ ናቸው። እንደ ገቡ ወንበር ይይዛሉ፣ ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ፣ ጉዳዩን ይጀምራሉ። የድንበሩ ሽማግሌዎች ያኔም እርስ በእርስ ይቅደሙ እየተባባሉ ነው የሚሆኑት።

ትርንጎ ከመስኮቱ ድንበሩን አየችው። እጇን አላነሳችም።

«እትዬ አስካለ» አለ ድንበሩ፣ «ሽማግሌ ተራ ሳይጠብቅ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው?»

አስካለ አሰበች። መሣሪያዋ ላይ የሞጁሉን ዝርዝር ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረደችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ መሥመር ላይ ቆመች።

«ባለጌ መቆጣት» አለች። «ባለጌ ያየ ሽማግሌ ያለበትን ሥራ ትቶ ይቆጣል። ለዚህ ተራ የለውም።»

ስለዚህ ባለጌ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹን ገፍቶ አልፎ፣ ማንም ሳይገባ ገብቶ፣ ሳሎን ሄዶ የሚቀመጥ ሰው። ድንበሩ ይታገሱን አየ። ይታገሱ እሱ ጫኝ እንደሆነና በሰው ሰፈር እንደቆመ አስታወሰው። አስካለን አየ። አስካለ እዚሁ የምትኖር ሰው መሆኗን፣ ነገ እነዚህን ሰዎች ሰላም የምትል መሆኗን ነገረችው። ከእነሱ ሌላ የነበረው ሮቶው ብቻ ነው።

ድንበሩ አንገቱን ደፋ አደረገ።

«ይሉኝታዬን አውርጂልኝ» አላት። «ለዐሥር ደቂቃ። መልሰሽ ትጭኝልኛለሽ።»

አስካለ ሳትስቅ መሣሪያውን ከጆሮው ጀርባ አስጠጋች። ያለበትን ሁሉ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ዳሰሳ፣ አርብ ማታ ያልወረደ። የፋብሪካ በር ፈቃድ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ግማሹ። የውኃ ዋና፣ ተጭኖ ጥቅም ላይ ያልዋለ። ይታገሱ ዋና ለምን እንደሚያስፈልገው ሊጠይቅ ነበር፤ ጊዜው አይደለም ብሎ ተወው። አስካለ እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች። ከዚያ መሣሪያውን አነሳች።

«ይሉኝታ የሚባል የለህም» አለች።

«እንዴት የለኝም? እየገደለኝ ነው።»

«የተጫነ የለህም ነው የምልህ። የአንተ ከከርነሉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የሚወርደው የተጫነ ነገር ነው፤ ይሄ አይወርድም።» መሣሪያዋን ኪሷ ከተተች። «ይዘኸው ግባ እንግዲህ።»

ከሮቶው እስከ ደረጃው ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ድንበሩ በኋላ እንደተናገረው ያን ያህል ረጅም መንገድ ሄዶ አያውቅም። ያልወረደው ዳሰሳም አልረዳውም። ሲያልፍ የነካው ነገር ሁሉ መዳፉ ውስጥ ገባ፤ የጋሽ አሜን ኮት የራሰ ሱፍ፣ የማያውቃቸው ሽማግሌ ከዘራ የተሰነጠቀ እጀታ፣ መጨረሻ ላይ የአጎቱ ክርን፣ በብርድ የሚንቀጠቀጠው። ጆሮው ሞቀ። አንገቱ ሞቀ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፣ ባለጌ ይቅርታ አይልም ብሎ ዘጋው። አቶ ባሮክን በትከሻው ገፋ አደረጋቸው። ቀስ ብሎ ነው የገፋቸው፤ ግን ገፋቸው። ከእነ ጭቃ ጫማው ምንጣፉን አቋረጠ፤ የሳሎኑ ትልቅ ሶፋ ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ተቀመጠ።

ይቅደሙ የሚለው ቃል ደረጃው ላይ ተቋረጠ።

ከዚያ ሰባቱም አንድ ላይ ገቡ።

የተናገሩትን ሁሉ ለይቶ የሰማ ሰው የለም። ጋሽ ናሆም ትምህርት ቤት የቆሙለትን ቀን እየጠሩ ነው የተቆጡት። ጋሽ አሜን የእድሩን ስም አነሡ። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ የልጁን አባት ስም ለማወቅ እንደሚፈልጉ ደጋግመው ተናገሩ። አቶ ባሮክ እንኳ፣ በሕይወታቸው ማንንም ተቆጥተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ጫማህን ብለው ጀመሩና መቀጠያ አጡ። ሲቆጡ ደከማቸው፤ ሲደክማቸው ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በብርድ የቆመ ሰው ወንበር ካገኘ አይመርጥም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ለቀቀ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ መሣሪያዋ አንድ በአንድ ሲያበራ አየች። ደንቡ ቋጠሮ ውስጥ የነበረ ሁሉ ይውረድለት ይላል። ከአጎትየው ጀምራ እስከ ባለ ባርኔጣው ድረስ እየዞረች አወረደችላቸው። ይታገሱ መሣሪያውን አጥፎ እንደያዘ ተከትሏት ዞረ፤ እንዳይነካ ክንዷን ዘርግታለት ነበር።

ሽምግልና የወረደለት ሽማግሌ ሰው ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሰባት ሰዎች እጃቸውን ያያሉ። አንዱ የምንጣፉን ጠርዝ በእግሩ ያስተካክላል። ጋሽ አሜን ከልምድ ስልካቸውን አወጡና መልሰው ከተቱት። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣቸውን አወለቁና እንግዲህ፣ የመጣነው፣ አሉ። ሦስተኛው ቃል አልመጣም። ወደ አስካለ ዞረው መልሳ ትጭናቸው እንደሆነ ጠየቋት። ከቋጠሮ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይጫንም አለቻቸው።

ድንበሩ ሶፋው መሐል ላይ፣ ጋሽ ናሆምና አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ከግራ ከቀኝ ተጭነውት፣ ተቀምጧል። መናገር ፈለገ። በራሱ አፍ የጠየቀ ግን በሽማግሌ ያልጠየቀ ነው፤ አይቆጠርም። ባለ ባርኔጣው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሦስተኛውን ቃል ሲፈልጉ ያያል። ሊያገኙት ነው።

ጋሽ ማክቤል ከወንበራቸው ላይ ብድግ አሉ። ያለ ሞጁል ሰው ፊት ቆመው ተናግረው አያውቁም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ባሮክ» አሉ። አቶ ማለቱን ረሱት። «እኔ መናገር አልችልም። ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰው ሳያስገባ ገብቶ አያውቅም። እናንተ ቅደሙ ሲል ስንት አውቶቡስ አምልጦታል። ዛሬ እንዲህ ሲያደርግ ሳየው…» ወለሉን አዩ። «ልጅዎን ይወዳታል። ስጡን።»

ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

እዚህ ጋ የልጅቷ አባት የሚለው ነገር የታወቀ ነው። አክብራችሁ መጣችሁ፣ አከበርናችሁ፣ ዘመድ እናማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ከዚያ እንደገና ከሁለት ሳምንት በኋላ። አቶ ባሮክ ይህን ሁሉ ጠዋት ከጆሮአቸው ጀርባ ይዘውት ነበር። አሁን የለም። ባዶውን ቦታ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ወደ ማእድ ቤቱ በር ዞሩ። ትርንጎ እዚያ ቆማለች።

«አንቺስ?» አሏት።

«እኔ እሺ ብያለሁ» አለች ትርንጎ። «የቀረኸው አንተ ነህ አባዬ» ልትል የፈለገች ትመስል ነበር፤ ያለችው ግን «አንተ ደግሞ እስኪ በል» ብቻ ነው።

አቶ ባሮክ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ ሁሉንም በተራ አዩአቸው፤ ሲቆጡት የነበረውን ልጅም አዩት።

«እሺ» አሉ።

በዚያች ከተማ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ሲል የሰማ ሰው የለም። ማንም ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አላወቀም። ጋሽ አሜን አጠገባቸው ያሉትን ሰውዬ፣ አለቀ ማለት ነው ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። አለቀ መሰለኝ አሏቸው። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ሰው ሳቁ። ለላከን ልጅ እኛ እንነግረዋለን፤ ወጣት ነው አሉ። ትርንጎ ለሁሉም ብርድ ልብስ አመጣች። ድንበሩ በእሷ እጅ የመጣለትን ሳይዳስስ ደረበው።

አስካለ ቋጠሮ ስትፈታ የምትሞላው ቅጽ አላት። ቆማ ሞላችው። የተያዙ፣ ሰባት። የወረደላቸው፣ ሰባት። በግድ የወረደ፣ የለም። የቋጠሮው ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርሱ ይታገሱና እሷ ተያዩና፣ ብርድ ብላ ጻፈች። መጨረሻው መሥመር ላይ ቀና አለች።

«ለመልስ የተቀጠረበት ቀን ይላል። ለመቼ ልበል?»

«ዛሬ በዪ» አለች ትርንጎ።

አስካለ ጻፈች። ቅጹ የዛሬን ቀን አልቀበልም አለ። እንደገና ጻፈች፤ አልቀበልም አለ። ሦስተኛ ሞከረች። ከዚያ መሣሪያውን ዘጋችው፣ ቢጫ ሰደርያዋን አወለቀች፣ ወንበሮቹን አየችና ጠጋ በሉልኝ ብላ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠች።